ምነው ቸኮልክ?

ብርቄዬ፣ የኔ ምላሳም፣

አፈር ካለበስንሽ ሁለተኛው በልግ ገባ። ጂንካ ያው ጭቃ ናት፤ ጣሪያችንም ያው ያፈሳል። ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል፤ የሚያሽሟጥጥብኝ ሰው የለም። እስቲ አስቢው፣ ባልሽን ሁሉም በአክብሮት ሲያናግረው!

ልጃችን አበባ ከምትሠራበት ከዲመካ መጥታ «ቤቱን አከራይተን እኔ ጋ ትኖራለህ» አለችኝ። እኔም በጎረቤት ፊት «ምነው፣ ፍየል ጠባቂ አጣሽ እንዴ?» አልኳት። ሰው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ በስልክ «እሺ አባባ»፣ «እንደፈለግክ አባባ» ብቻ ሆነ። ታውቂዋለሽ፣ በእኛ ቤት ሰው በለሰለሰ አንደበት ካናገረሽ ተቀይሟል ማለት ነው። አንቺም «እሺ ጌታዬ» ያልሽኝ ቀን እራቴን እየፈራሁ ነበር የምበላው። ልጄን እንዳላጣት ሰጋሁ።

ባለፈው ሐሙስ ፈቃድ ወስዳ ልትመጣ ሆነ። የምትወደውን ማር ልገዛላት ቀይ አፈር ገበያ ወረድኩ። ስመለስ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ስልኬም ባትሪ ጨረሰ። ሰፈር ስደርስ አበባ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጎረቤቱ ከኋላዋ። ዓይኗ ቀልቷል። አሁን «እንኳን ደህና መጣህ አባባ» ካለችኝ አለቀልኝ አልኩ።

ያ መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ትዝ አለኝ። መኪና ጠፍቶ ከዚያው ከቀይ አፈር በእግሬ ስመጣ፣ ሞቷል ብለሽ ስታለቅሺ ደረስኩ። እንባሽን በነጠላሽ ጠረግሽና «ምነው ቸኮልክ?» አልሽኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

አበባ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። አየችኝ፣ አየችኝና፣

«ምነው ቸኮልክ አባባ? እዚያው አንዷን አግብተህ አትቀርም ነበር?»

ብርቄ፣ ማሩን ጭቃው ላይ ልለቀው ምንም አልቀረኝ። «ጠይቄያት ነበር፤ የልጅህ ምላስ አያስኖረኝም ብላ እምቢ አለችኝ» አልኳት።

የዲመካው ነገር ገና አልተቆረጠም። እሷ አትለቀኝም፣ እኔ ቤትሽን አልለቅም። ግን አሁን እየተሸነቋቆጥን ነው የምንከራከረው፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አልረሳሽም። በየሄድኩበት እያረፈድኩ ያንን ቃልሽን ከልጅሽ አፍ አወጣዋለሁ። አንቺ ጋም የምመጣው አርፍጄ ነው። በሩ ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ፤ የምትይኝን አውቀዋለሁ።

አርፋጁ ባልሽ