በመግቢያው በር ላይ ስለተቀመጠችው ጡብ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የተከፈተው ቤት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነትና በተለመደው ሙቀትዎ ውስጥ እንደምታገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና እናቴም እዚህ ምድር ቤት ከአፍንጫችን ጫፍ በስተቀር ደኅና ነን።

አስቀድሜ «ኃይል እንቆጥብ፣ ሹራብ እንልበስ» የሚለውን ማስታወቂያ በየደረጃው ስለለጠፉልን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ሲበርደን ምን እንደምንለብስ ከየት እናውቅ ነበር? ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት በምሕንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ የራሳችንን ሕንፃ ከማጥናት የተሻለ ነገር ስላጣሁ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ጉዳዮች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የመግቢያውን በር ቀስ አድርጎ የሚዘጋው ሞላ ከተሰበረ ወዲህ በሩ በተዘጋ ቁጥር እንደ መድፍ ይጮሃል። ይህም የቀትር እንቅልፍዎን ስላወከ፣ ሞላውን ከማስጠገን ይልቅ በሩ ተከፍቶ እንዲውል ጡብ አስደግፈውበታል። ጡቧ እስከ ዛሬ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ አንድም ቀን ሳትቀር በሥራ ገበታዋ የምትገኝ የኮሚቴ አባል እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

፪. የሕንፃውን ማሞቂያ መቼ መንደድ እንዳለበት የሚነግረው የሙቀት መለኪያ የተሰቀለው ከዚያው በር አጠገብ ነው። ምስኪኑ መለኪያ ቀኑን ሙሉ የውጭ ነፋስ እየተቀበለ «በረደኝ፣ ጨምሩ!» ይላል፤ ማሞቂያውም አምኖት ያለ ዕረፍት ይነድዳል። ስለዚህ እርስዎ ላይ ቤት በሸሚዝ ሆነው መስኮት ከፍተው ይናፈሳሉ፣ እኛ ታች እንንቀጠቀጣለን፣ ሒሳቡን ግን እኩል እንካፈላለን። መንገዱን ስላሞቅንለት አላፊ አግዳሚው ይመርቀን ይሆናል።

፫. እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለው ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ባለችው ክፍላችን ነው። ጣቶቿ እየደነዘዙ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያቅታታል፤ ሰሞኑን አንዱን የደንበኛ ቀሚስ ሰፍታ ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ ደግማ ፈታችው። ብርዱ እንዲህ ከቀጠለ ስፌቱን እተወዋለሁ ማለት ጀምራለች። ይህን በቀልድ ልናገረው ብሞክርም አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ አግኝቼዎ ሳስረዳዎ፣ «አንተ ልጅ፣ ገና ትናንት ተመርቀህ ዛሬ ጡቤን ልታስነሳኝ ነው?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አሰናበቱኝ። ስለ አባታዊ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ ዲግሪዬም ግድግዳው ላይ በበርዎ ነፋስ እየተወዛወዘ ሰላምታ ያቀርብልዎታል።

ልመናዬ ትንሽ ናት። አዲስ ሞላ ራሴ ልግጠምና በሩ ለአንድ ወር ያህል ተዘግቶ ይሞከር። የማሞቂያው ሒሳብ ካልቀነሰ፣ በጡቧ ፈንታ እኔው በሩ ላይ ተቀምጬ ደግፌ እይዘዋለሁ። ሥራ ስለሌለኝ ሰዓቱ ይመቸኛል።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
በሁለት ካልሲና በብዙ ተስፋ፣
የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግራጫው ሹራብዎ ከተከፈተው መስኮትዎ ወድቆ ደጃፋችን ላይ አግኝተነዋል። እናቴ ማስታወቂያዎን ለማክበር ስትል እሱኑ ለብሳ እየሰፋች ነው፤ በሩ የተዘጋ ዕለት አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትመልስልዎታለች።