ዝም ያሉት የዋንዛው ወፎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት።

ዛሬም ዝም። ወንበሬን አውጥቼ ዋንዛው ሥር ተቀመጥኩ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቅኩ። ቁራ ብቻ። ርግብም አለች፣ ጣራው ላይ ታጉረመርማለች። ትንንሾቹ ግን የሉም። ክረምቱ ሳይወጣ እየቀነሱ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ጠፉ። በዚህ ወር ይህ ዛፍ ገበያ ይመስል ነበር። ዋሽንት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከእነሱ ነው የተማርኩት። አንተም ደብተር ታውቃለህ፣ ስንት ገጽ ስለ እነሱ ጽፌብሃለሁ።

ከሰዓት ተማሪዎች አሉ። ሸምበቆ መብሳት አለብኝ።

ያው ዕለት፣ ከትምህርት በኋላ።

ሰናይትን አባረርኳት። የጎረቤቴ የደሳለኝ ልጅ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው። ከሁሉም ትሻል ነበር፤ የተናደድኩትም ለዚህ ነው። አንቺሆዬን ሸጋ አድርጋ ጀመረች። ወደ ላይኛው ድምፅ ስትወጣ ነፋስ ብቻ። እንደገና፣ አልኳት። እንደገናም ነፋስ። ጣቷ ልክ ነው፣ ከንፈሯ ልክ ነው፣ ድምፅ የለም።

«ወጥቷል እኮ አያ» አለችኝ።

እኔ ፊት! ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእኔ ቤት ያልወጣ ድምፅ ወጣ አይባልም። ዋሽንትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እንዳትመለሺ አልኳት። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ልክ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6።

ደነገጥኩ።

ወፎቹ አልሄዱም። አንዷን አየኋት፣ ቢጫዋን፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት ቅርንጫፍ ላይ። አፏን ትከፍታለች። ጉሮሮዋ ይርገበገባል፣ ጅራቷ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ድምፅ የለም። ምንም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ደሳለኝ ጌሾው ላይ መድኃኒት ሲረጭ አይቼዋለሁ፣ በጀርባው አዝሎ። እሱ ነው። ጉሮሯቸውን ዘጋው።

አጥሩ ላይ ጠርቼ ነገርኩት። ሳቀ። «አያ መኮንን፣ መድኃኒቱ ለትል ነው እንጂ ለዘፋኝ አይደለም!» አለኝ። ልጁን ስላባረርኩ የተበቀለኝ መሰለኝ። ሽማግሌ እጠራብሃለሁ አልኩት። ይጥሩ አለ፣ አሁንም እየሳቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከወገራ ተመልሼ።

ላረጋግጥ ሄጄ ነበር። እስከ አምባ ጊዮርጊስ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ እስከ አፋፉ። ጉልበቴ አመመኝ፤ አልቆምኩም። ወጣት ሳለሁ ዜማ የምሰበስበው እዚያ ነበር።

ነፋስ ብቻ። ገብሱ ላይ መንጋው ይነሳል፣ ይዞራል፣ ያርፋል። ያለ ድምፅ። ገመድ ላይ እንደተሰጣ ጨርቅ። ፈራሁ። ተራራ ላይ ፈርቼ አላውቅም።

አንድ ገበሬ ወንጭፍ ይዞ ቆሟል። «ምነው አያ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ። ወፎቹ ከመቼ ወዲህ ነው ዝም ያሉት አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። «ዝም? በጩኸት አሳበዱኝ እንጂ!» ቀልደኛ። እሱም መድኃኒት ረጭቶ የሚደብቅ ይሆናል ብዬ ተውኩት። መድኃኒቱ እዚያ ድረስ ወጥቷል ማለት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16።

እንዴት ልጽፈው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በመካከል መሪጌታ ውቤ፣ የድጓው መምህር፣ እኩያዬ። ሆን ብዬ ዋንዛው ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ማስረጃው ከራሳቸው በላይ ይሁን ብዬ። ቆሜ ከሰስኩ። መድኃኒቱን፣ ጌሾውን፣ ቢጫዋን ወፍ፣ የወገራውን መንጋ፣ አንድም አላስቀረሁ። የደሳለኝ ተራ ደረሰ። ጣቱን ወደ ዛፉ ቀሰረ። ሁሉም ቀና አሉ።

መሪጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «መኮንን፣ በል ከዚህ ዛፍ ሥር አንሳን። በእነዚህ ወፎች ጫጫታ ከክስህ ግማሹን አልሰማሁትም» አለ።

ያፌዝብኛል ብዬ ፊቱን አየሁ። አያፌዝም። ዕድሜ ልኩን የሰው ዜማ ሲያርም የኖረ ነው፣ በጆሮ አይቀልድም። የሌሎቹን ፊት አየሁ። ደሳለኝን አየሁ። ሳቁን ትቶ መሬት መሬት ያያል፣ ለእኔ አፍሮ።

ጆሮዬ ነው።

ወንበሩ የት እንደነበር እንጃ። አንድ ሰው ከኋላዬ አቀረበልኝ፣ ተቀመጥኩ።

በሐሰት የከሰሰ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልማዳችን ነው። ለእኔ ግን ተዉልኝ። ሽማግሌ ነው፣ ባለማወቅ ነው አሉ። ደሳለኝም ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ምነው በሰደበኝ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 17።

በሩን ዘግቼ ዋሽንቴን አነሳሁ። ከታች ወደ ላይ። ታችኛው አለ። መካከለኛው አለ፣ ቀጥኖ። ላይኛው ነፋስ። ያው የሰናይት ነፋስ። ሸምበቆው ግን ጣቶቼ ሥር ይነዝራል። የደሳለኝ ውሻ ከአጥር ማዶ ማላዘን ጀመረ። ውሻው ሰማኝ።

ወጥቶ ነበር። ልጅቱ እውነቷን ነው።

ማስተማሩን ልተወው? ሌላ ሥራ አላውቅም። ተማሪዎቹን ለጊዜው አትምጡ አልኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20።

ሰናይትስ፣ ብዬ ደሳለኝን ጠየቅኩት። ትታዋለች አለ። ዋሽንቱን ቆጥ ላይ ጥላዋለች። ላይኛው ድምፅ ለራሷ ይሰማት ነበር አሉ፣ አጥርቶ ይሰማት ነበር። «አያ አልወጣም ካሉ አልወጣም፤ የተሳሳተው የእኔ ጆሮ ነው» ብላ ተወችው።

የእኔን ጆሮ አምና የራሷን ካደች። ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21።

መሪጌታን አማከርኩ። ሽማግሌ ለልጅ፣ ያውም ለሴት ልጅ፣ ድንጋይ አይሸከምም፤ አስጠርተህ መርቃት፣ በቂ ነው አለ። በቂ አይደለም። ያባረርኳት ሰው ፊት ነው።

ከቀሐ ወንዝ ድንጋይ አምጥቻለሁ። ራሴ፣ በየመንገዱ እያረፍኩ። መጀመሪያ ያነሳሁት ትንሽ ነበር፣ መልሼ ጣልኩት። ተማሪዎቹን ነገ ጠዋት ደሳለኝ በር ላይ ጠብቁኝ ብያለሁ። ድንጋዩ ለአባቷ አይደለም፣ ለእሷ ነው። ከታረቀችኝ የላይኛውን ድምፅ እሷ ታርማለች፣ የታችኛውን እኔ። ካልታረቀችኝም ምክንያቱን ልጆቹ ከእኔ አፍ ይሰማሉ።

ያውርዱት እስክትለኝ አላወርደውም።