በአንድ ጋቢ ውስጥ የታጠንን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከኃይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ስመለስ የታክሲው ሬድዮ ስለ አምባገነኖች ያወራ ነበር፤ የጨከኑት በልጅነታቸው ስለተገረፉ ነው ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «እኛስ በርበሬ ታጥነን አላደግንም? ማንን ገደልን?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አባባ እኔንና ወንድሜን በአንድ ጋቢ ሸፍነው ነበር በርበሬ የሚያጥኑን። ዛሬ የወንድሜ ልጆች የአባታቸውን መኪና ጥሩምባ ሲሰሙ ጨዋታቸውን ጥለው ይበተናሉ። እኔ ግን ማንንም አስፈራርቼ አላውቅም። ይህን እያሰብኩ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ፣ የኮንዶሚኒየሜን በር ከፈትኩ። የሚደነግጥም የሚደሰትም የለም። ጠዋት ሻይ የጠጣሁበት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

እውነት ደግ ሰው ሆኜ ነው? ወይስ የምጨክንበት ሰው አጥቼ?