ቀረጻው ላይ የምትሰሚው ኮሽታ

ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? እንቅልፍሽ ተመለሰልሽ? እህልስ ካፍሽ ይገባል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ትንሿስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኛን ካልሽ፣ እማዬም እኔም በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት ሌላውን አንቺም ስለምታውቂው ነው። ወንድምጋሼን ካጣን ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ያንቺም ስልክ አብሮ ዝም ሲል ደግሞ ጭራሽ ባሰብን።

በመጨረሻ የደወልሽ ዕለት ለእማዬ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ያንን የጊታር ማጉያ አምፕ ባልልክለት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ሰባብራችሁ ጣሉት» ብለሽ ዘጋሽ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብንደውል ብንደውል አታነሺም። እማዬ የአምፑን ፊት ወደ ግድግዳ አዙራ አንሶላ ጣለችበት። እኔም እንዳልተሰካ እያወቅሁ፣ በዚያ በኩል ሳልፍ ከወዲያኛው ግድግዳ ተለጥፌ ነበር የማልፈው። ልሰብረው ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ብልጭታ የሚለውን ሰውዬ፣ መጥቶ እንዲያየው ለመንኩት። ጀርባውን ፈትቶ ሲያየው ውስጥ ያለ አንድ ሽቦ ልባሱ ተልጦ የአምፑን ብረት ነክቷል። በየሠርጉ መኪና ላይ ተጭኖ ሲንገላታ የተላጠ ነው አለኝ። ያም ሆኖ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ቢኖር ፊውዙ ተቃጥሎ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ስፒናውን አሳየኝ። ሦስተኛው እግር የለም። በመጋዝ ተቆርጦ በሞረድ ለስልሷል። እንደዚያ አሳምሮ የሚቆርጥ ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋሽም። ወንድምጋሼ ይጫወትበት የነበረው የሠርግ አዳራሽ ማከፋፈያ ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ እንዲገባለት ብሎ ነው። ጋሽ ብልጭታ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔ ራሴ ስንቱን ቆርጫለሁ» አለና የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። ወንድምጋሼን ጊታሩን እንደያዘ አፉን ወደ ማይኩ ሲያስጠጋ ኤሌክትሪኩ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ጥፋቱን ካንቺ ትከሻ አንስቼ እሱ ላይ ለመጫን አይደለም፤ ይህንን መስመር ስንት ጊዜ ሰርዤ እንደጻፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አንቺ የላክሽው አምፕ ጤነኛ ነበር። ሦስቱም እግሮቹ ነበሩት። በቃል ብነግርሽ ደግሞ «ሊያጽናኑኝ ነው» እንደምትይ ገባኝ። ስለዚህ አብርቼው፣ ተጫውቼበት፣ ድምፁን ቀድቼ ልልክልሽ ቆረጥኩ።

ጋሽ ብልጭታ ሽቦውን ቀየረ፣ አዲስ ስፒና አስገባ፣ የቤታችንንም ሶኬት በመለኪያው ፈተሸ። ከዚያ አብርቶ ብረቱን በእጁ ጀርባ ነካና «አየህ? እኔን የምትነዝረኝ ሚስቴ ብቻ ናት» አለ። እማዬ አልሳቀችም። «አንተንም ልቅበር?» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ። እሷም «እሺ፣ ግን ማጥፊያው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ» አለች። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው መጀመሪያ ማጥፋት፣ ካልሆነ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ እንጂ በእጅ መጎተት እንደማይገባ ጋሽ ብልጭታ ስለነገራት፣ የጎማ ጫማዋን ተጫምታ፣ በአንድ እጇ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ፣ ሌላውን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንቺና እኔ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

ማይኩንና ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ሳጥን ያዋሰኝ ድምቡሼ ነው፤ ከወንድምጋሼ ጋር ቤዝ ጊታር ይመታ የነበረው ወፍራሙ ልጅ። ወለሉ እንዳያስተጋባ አምፑን ወንበር ላይ አወጣሁት፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ማይኩን የሚይዝ እግር ስላልነበረኝ የትምህርት መጽሐፎቼን ደርድሬ በቀበቶ አሰርኩት። ግን ፈርቼ ማይኩን በሩ ጋ አስቀመጥኩት። የቀዳሁትን ለድምቡሼ ብልክለት ወዲያው ደወለ። «ጊታሩ የት ሄደ? ይሄ እኮ የጎረቤት ቧንቧና የእናትህ ሳል ነው! ጠጋ አድርገው እንጂ፣ አይነክስም!» አለኝ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባው መሰለኝ፣ ስልኩን ዘጋው።

ማይኩን ከስፒከሩ አንድ ቡጢ ያህል ብቻ አራቅሁት። ልክ መሀሉ ላይ ሲያነጣጥር ድምፁ ቆርቆሮ እንደሚፋቅ ይሆናል፤ ወደ ዳር ሲሸሽ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ይታፈናል። በሁለቱ መካከል ጥሩው ቦታ አለ፤ እሱን ለማግኘት ግን ማይኩን እያንቀሳቀሱ መስማት ያስፈልጋል። የእማዬ እጆች ሥራ ይዘዋል። ስለዚህ በግራ እጄ የጊታሩን ክሮች አንገቱ ላይ እየመታሁ በቀኝ እጄ ማይኩን መያዝ ነበረብኝ። ወንድምጋሼን የያዙትን ሁለት ነገሮች፣ እኩል። እጄን ዘረጋሁ፣ መለስኩ፤ ሸሚዜ ላይ ጠረግሁና እንደገና ዘረጋሁ። እማዬ «ልጄ፣ ተው» ስትል ሰማኋት።

ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም አልሆነም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽን ስትሰሚ መጀመሪያ ላይ ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር አለ። ድምቡሼ «ቁረጠው፣ ያስቀይማል» ብሎኝ ነበር፤ አልቆረጥኩትም። ማይኩን በእጄ ስገፋው ነው፤ ከሥሩ የሚሰማው ጊታርም በሌላው እጄ ነው። መጫወቱን አልችልበትም። መጨረሻው ድርግም የሚለው እማዬ አላስችል ብሏት ስላጠፋችው ነው።

አሁንም ፈሪ ነኝ፣ እታለም። ስፒና በነቀልኩ ቁጥር መዳፌን አገላብጬ አያለሁ። ይህንንም ሳትሰሚው እንዳትሰርዢው እፈራለሁ። እባክሽ፣ ጥርስሽን ነክሰሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስሚው። ከዚያ ብትቆጪኝም ደውለሽ ተቆጪኝ።

ለባለቤትሽ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትንሿን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የአጎቷ አጨዋወት እንዲህ መሆኑ ካላስፈራት ታዳምጥ። ጋሽ ብልጭታና ድምቡሼ ሰላም ብለውሻል። እማዬ እንደ ወትሮዋ ሰላምታዋን በረጅሙ ልታስጽፈኝ ተቀምጣ ነበር፤ ግን አልሆነላትም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ከገባች በኋላ ከዚያው ሆና «አልበደልሽኝም ብለህ ጻፍላት፤ ሌላውን ስትደውል እኔው እነግራታለሁ» አለችኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 17 ቀን