የወለወልካት ሳንቲም

ወንድምዓለም፣ እጅህ እንዴት ነው? ይህን ካርድ የምጽፍልህ ስለ ሳንቲማችን ነው።

የወርቅ ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡበት ቤት ገባሁ። መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ ሳንቲማችንን መብራት ስር ዘንበል አደረገችና «ማን ነው ያሻት?» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ጓደኛዬ ነው፤ አንጥረኛ ነው። ሰው ፊት ደብዝዛ አትቀርብም ብሎ ወለወላት» አልኳት። በማጉያ መነጽሩ አሳየችኝ። ድመት የቧጠጣት ነው የምትመስለው! «ተወልውላለች፤ ደረጃ አይሰጣትም» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። እንደሷ ያሉ ሳንቲሞች ሦስት መቶ ብቻ ናቸው እኮ የተቀረጹት!

ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ ያመጧት ግን ከተቀረጸች ጀምሮ እጅ አልነካትም፤ ከሰባ ሰባ፣ ሙሉውን ደረጃ አገኘች። እኛ ዕቃ ሳንወለውል ለሰው ማሳየት ነውር ነው እንላለን፤ እዚህ ነውሩ መወልወሉ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት፣ የልጆቹን ጉንጭ ሳምልኝ። መሳቢያህ ውስጥ ያለችውን ሁለተኛዋን ሳንቲም በእናትህ ይዤሃለሁ፣ በጨርቅ እንኳን እንዳትነካት። ይህ ካርድ ሳይደርስህ ወልውለሃት ከሆነ ግን ዝም በል፤ እኔም አልጠይቅህም።