ሁለቱ ያልተገናኙ ሽቦዎች

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳለ ነው፤ እማዬም ከሏን አላወለቀችም። የጥገና ሱቅህን አልዘጋንም። ከየመሥሪያ ቤቱ ሲጣሉ የሰበሰብካቸው የኮምፒውተር ስፒከሮች እስከ ጣሪያ እንደተከመሩ ናቸው፤ እኔም በእነሱና በጠረጴዛህ መካከል ጉልበቴን አጥፌ እውላለሁ። አንዱን እንኳ ልጥል ስነሳ እማዬ በሩ ላይ ትቆማለች።

በአሥር ዓመቴ የመጀመሪያውን ስፒከር ያስፈታኸኝ ቀን ትዝ ይለኛል። የባትሪ ድንጋይ በሽቦዎቹ አስነክተህ፣ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ሲገፋ አሳየኸኝ። ወደ ውስጥ ከሳበ ሽቦው ተገላብጧል፣ ሁለቱን ተቃራኒ አድርገሽ ከገጠምሽ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይበላዋል አልከኝ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ስፒከር ባየሁ ቁጥር፣ ማግኔቱ ለምን ይሆናል፣ ትራንስፎርመሩ ለየትኛው ሬዲዮ ይሄዳል እላለሁ። ይህን አመል ያስያዝከኝ አንተ ነህ።

ስለቱንማ እንዴት እረሳዋለሁ። በሕፃንነቴ ታምሜ ስተርፍ፣ አንኮበር ላለው የእናትህ ደብር በእጅህ የሠራኸውን ድምፅ ማጉያ ልታስገባ ተስለህ ነበር። ስለ አንቺ የተሳልኩት ነውና ሳይገባ ከዚህ አትሄጂም አልከኝ። አዳማ ሥራ ባገኘሁ ጊዜ ትራንስፎርመር ቀረው አልክ። በዓመቱ ደግሞ የሚስማማ ስፒከር ጠፋ አልክ። እኔም ጠበቅሁ። አንተ ሄድክ፣ ስለቱ እኔ ላይ ቀረ።

ለሙት ዓመትህ ልጨርሰው ብዬ የድምፅ ማጉያውን ሳጥን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ከፈትኩት። አባዬ፣ ሁሉም ነገር ተበይዷል። ትራንስፎርመሩ ከአንድ አሮጌ የኮምፒውተር ስፒከር ወጥቶ በቦታው ታስሯል። አራቱም ስፒከሮች ተገጥመዋል። የተበየደበት ሊድ ላይ የስንት ዓመት አቧራ ተኝቷል። ያልተገናኙት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ፤ ጫፋቸው ሳይቀር ተልጦ ተዘጋጅቷል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

አልደብቅህም፣ በጣም ተናደድኩብህ። የመበየጃ ካውያውን ወርውሬ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ዋሽተኸኝ! ከአንተ ሌላ ማንም ይህን ያህል አጠገቡ ሊያኖረኝ ፈልጎ እንደማያውቅ ሳስብ ደግሞ ሌላ ለቅሶ መጣብኝ።

በባትሪ ድንጋይ ፈትሼ ሽቦዎቹን አገናኘሁ። በሙት ዓመትህ ሰሞን፣ እሑድ ዕለት፣ ከእማዬ ጋር አንኮበር ወሰድነው። የቄሱ ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ ወረደ፤ ከታች መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ቆመው አማተቡ። እማዬ ካረፍክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል አለች። ስለቱ ገባ፣ ከእንግዲህ የሚይዘኝ የለም እያልኩ ተመለስኩ።

ትናንት ከአዳማ ደወሉልኝ። እንደገና ሰው ይፈልጋሉ፣ መቼ እንደምመጣ ጠየቁኝ። እማዬ ክምሩ ሥር ቁጭ ብላ ስፒከሮችህን በጨርቅ ትወለውል ነበር። ስልኩን ስትሰማ እጇ ቆመ። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

አባዬ፣ እስካለሁ አስታውስሃለሁ። ልርሳህ ብል እንኳ አፌ አንተን ሆኗል። ሰዎቹን ምን አልኳቸው መሰለህ? እጄ ላይ ያላለቀ ሥራ አለ፣ ትራንስፎርመር ቀረው አልኳቸው።

ልጅህ አስካለ