ቫልቩን አላስርም ያሉት አቶ ሕዝቅኤል አለበል የሕይወት ታሪክ

አቶ ሕዝቅኤል አለበል ከአባታቸው ከአቶ አለበል ውበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አየነው በ1953 ዓ.ም. ዱርቤቴ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ ባሕር ዳር በመካኒክነት ሠልጥነው፣ በ1975 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ባለ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍቅረ ማርያም ደስታን አግብተው ሩሐማንና ወልደ ሐዋርያትን ወለዱ።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የእንፋሎትና የኃይል ክፍሉን ፈረቃ መሩ። ፈረቃ ሲረከቡ ፓምፑን አዳምጠው፣ የውኃውን ልክ በዓይናቸው አይተው፣ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ ካለም ወደ ቤቱ መልሰው ነበር መዝገቡን የሚፈርሙት። ሳያነብ ቁጥር የሚሞላ ሰው ያንገሸግሻቸው ነበር፤ "ያላየኸውን ስትጽፍ አይቀፍህም?" ይሉት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የቦይለሩ ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ ግፊቱ ከልክ እያለፈ፣ ቶሎ ቶሎ ይከፈት ጀመር። እንግዶች ሊጎበኙ ነበርና አዲሱ የምርት ኃላፊ ሥራ እንዳይቆም ቫልቩ በሽቦ ይታሰር ብሎ አዘዘ። እሳቸው ትእዛዙን መዝገቡ ላይ አሰፈሩና "እኔ በምመራው ፈረቃ ሰው አይቀቀልም፤ አላስርም!" ብለው ነዳጁን በገዛ እጃቸው ዘጉት። በማግስቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ ቫልቩም ታሰረ። በአራተኛው ቀን ቱቦ ፈንድቶ ጌትነት የተባለ ሠራተኛ ፊቱንና ሁለት እጁን ተቃጠለ።

ኃላፊው ጥፋቱን በጌትነት ላይ አላክኮ፣ አቶ ሕዝቅኤል በባለሙያነት እንዲፈርሙለት ወረቀት አቀረበ። አንብበው ሲጨርሱ እንደ አደፈ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው እግሩ ሥር ጣሉለት። መዝገቡን ይዘው ለመርማሪዎች መሰከሩ፤ ጌትነት ከጥፋቱ ነፃ ሆነ። ያ ኃላፊ ግን ዕድገት አግኝቶ ሌላ ቦታ ተሾመ። ይህን የሰሙ ቀን እህል አልወርድ አላቸው። ሥራውን ለቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ሲሳፈሩ እንኳ በፋብሪካው በር አያልፉም ነበር።

በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ዓባይ ማዶ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። "ያ ሰው በሬሳዬ ላይ እንዳይናገር" ብለው አደራ ብለዋልና፣ ትናንት ኃላፊው "የሐዘን ንግግር ላድርግ" ብሎ የላከውን መልእክት ቤተሰቡ አልተቀበለም።

አቶ ሕዝቅኤል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ያውርድ። አሜን።